የሦስት ሰው ቁልፍ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለትንሳኤ፣

አፊያ ነሽ ወይ? እናትሽስ፣ ወገባቸው እንዴት ሆነ? የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ትልቁም ትንሹም ሰላም ነው? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጄ ሱዓድ «አባዬ፣ የደሴ ብርድ ይገድልሃል» ብላ እሷ ቤት ካወረደችኝ ወዲህ ሳሌ ለቆኛል ማለት ይቻላል። በኅዳር ወር በአንድ ሸሚዝ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ ብልሽ ታምኚያለሽ? ሱዓድና ባሏ ፈሪድ በፈረቃ ፋብሪካ ስለሚገቡ ከሁለት አንዳቸው ሁልጊዜ ተኝተዋል። ዕድሜ ልኬን በስፌት መኪና ጩኸት የኖርኩ ሰውዬ፣ ዛሬ ኩባያ እንኳ ሳላንኳኳ ነው የምውለው።

«ስልክ ለምን አያነሱም?» ላልሽኝ፣ ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ሰው ጮክ ብሎ ሲያናግረኝ ደግሞ የተቆጣኝ ይመስለኛል። ደብዳቤ ይሻለኛል። ደሳለው በሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል ፖስታ ቤታችን እሱ ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የቅሬያችንን፣ የዕድራችንን ኮምፒውተር ለመክፈት ወልደ ሚካኤል የራሱን ድርሻ አስገብቶ፣ ወርቅአፈራሁ የራሷን አስከትላ፣ የኔ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቆማችኋል። እንዴታ! የድሮው የቅሬ ሳጥን ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት ቁልፍ ያዥ ነበረው። አንቺ ይሄን ኮምፒውተር ስታመጪልን «አንድ የይለፍ ቃል ይበቃችኋል» አልሽ፤ እኔ ደግሞ «አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍተው ከሆነማ ሳጥን ሳይሆን ኪስ ነው» ብዬ ሰው አሳቅኩ። ከዚያ ቃሉን ለሦስት ከፈልነው፤ አንዱ የሌላውን እንዳያውቅ።

ግን ልጄ፣ እንዲህ ያለ ምስጢር በወረቀት ይላካል? ደሳለው ጨዋ ልጅ ነው፤ ሚኒባሱ ግን ስንቱን ይጭናል። ትንሽ ሰብር አድርጉ፤ ደረቴ ጠንከር ሲልልኝ ራሴ እመጣለሁ ኢንሻአላህ።

ወልደ ሚካኤልን ጉልበቱን እንዲያሽ ንገሪልኝ።

አባትሽ እንድሪስ


ደሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንድሪስ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ «የኔ ወገብ ያው ነው፤ የሱን ሳል ግን እግዜር ያርቅለት በይልኝ» ብላለች። በሸሚዝ በረንዳ ላይ መቀመጥዎን ጮክ ብዬ ሳነብላት ሁለት ጋቢ ደርባ ነበርና ተናደደች። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣቴን ስለሚያደነዝዘው እኔም ሥራ የምጀምረው እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ነው።

«ራሴ እመጣለሁ» ማለትዎ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሱዓድን ጠየቅኳት፤ ሐኪሙ ብርዱ እስኪያልፍ ደሴን አያስቡት ብሏል አለችኝ። እኛ ደግሞ እስከዚያ መጠበቅ አንችልም።

እርስዎ ከወረዱ በኋላ ሐዋ የምትባል ሴት ከኩታበር መጥታ ከኛ በታች ያለውን ቤት ተከራይታለች። አትክልት ትነግዳለች። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ በሽታው ጠንቶባቸዋል። ቅሬው ይግቡ ብሎ ወስኗል፤ አንድም የተቃወመ የለም። ነገር ግን አዲስ አባል የሚገባው ኮምፒውተሩ በአስተዳዳሪ ስም ሲከፈት ነው፤ ያ ደግሞ ያለ እናንተ ሦስታችሁ አይሆንም። «እስከዚያው በወረቀት ልጻፋት» ብል ጋሽ ወልደ ሚካኤል የራሳችሁን ውሳኔ አስታወሱኝ። አምና ማን ገባ፣ ማን ወጣ ተባብላችሁ በመዝገቡ ከተጣላችሁ ወዲህ «ኮምፒውተሩ ውስጥ የሌለ ሰው አባል አይደለም» ብላችሁ አጨብጭባችሁ ያጸደቃችሁት እናንተው ናችሁ።

ሐዋ ትናንት ደጃፌ ላይ ጠብቃ «እናቴ ዛሬ ብታልፍ ማን ይወጣልኛል?» አለችኝ።  ቅሬ የሌለው ሰው ቀብር ምን እንደሚመስል እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ማሽኑ ላይ «የይለፍ ቃልዎን ረስተዋል?» የሚል ነገር አለ፤ እሱንም ነካሁት። «መክፈቻውን በኢሜይል ልኬያለሁ» አለኝ። ወደ ማን እንደላከው ያስታውሳሉ? ያን ጊዜ «የማንን ኢሜይል ልጻፍ?» ስላችሁ፣ የአንዱ ከተጻፈ ሌላው ቅር ይለዋል ብላችሁ ተከራከራችሁና በቅሬው ስም ማንም ያልከፈተው አድራሻ ፈጥረን ጻፍን። ደግሞ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት አልተገናኘም። ፕሮግራሙ የሚሠራው በዚያች በቅሬው ክፍል ባለች ማሽን ብቻ ስለሆነ፣ ደውለን «ክፈቱልን» የምንለው ኩባንያ የለም። ያለን እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ጋሼ፣ በፖስታ አሽገው ይላኩልኝ። እኔም አልከፍተውም፤ ለጋሽ ወልደ ሚካኤል እሰጣለሁ፣ ያስገቡታል፣ ወረቀቱ ይቃጠላል።

ልጅዎ ትንሳኤ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለትንሳኤ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለቆየሁ አፉ በዪኝ፤ ፖስታ ፍለጋ ነው። ፈሪድ ያመጣው ፖስታ ማስቲሽ የለውም፣ ማስቲሽ ስናገኝ ፖስታው ተቀዶ ተገኘ። ሱዓድ «አባዬ፣ ኑዛዜ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ይኸው በመጨረሻ ታሽጎ ከዚህ ጋር ተልኳል። በመርፌና ክር ጭምር ሰፍቼዋለሁ፤ የስፌቱን ዓይነት ወልደ ሚካኤል ያውቀዋል፣ የኔ ካልሆነ እንዳይቀበል።

የሐዋ ነገር ከልቤ ገብቷል። እናቷን አላህ ያሽርላት። በእንግድነት መታመም ከባድ ነው።

ሌላ ሌላውን ልጠይቅሽ። የባለቤቴ የሩቂያ መቃብር አጠገብ ሳሩ በዝቶ ይሆን? ክረምቱን ማን አጨደው? ከጎኗ ያለው ቦታስ እንዳለ ነው? እዚህ የፈሪድ ቅሬ ሰዎች መጥተው «ይግቡ፣ አብረውን ይሁኑ» ብለውኛል። መልካም ሰዎች ናቸው። እስቲ ላስብበት ብያቸዋለሁ። ለመሆኑ ከሰፈር ለቅቆ ስለሄደ ሰው የኛ ደንብ ምን ነበር የሚለው? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ፤ እዚህ ቁጭ ስል ብዙ ነገር ይመጣብኛል።

ወርቅአፈራሁ አሁንም ከሁሉ ቀድማ መጥታ ነው ሰው አረፈደ ብላ የምትቆጣው?

አባትሽ እንድሪስ


ደሴ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ እንድሪስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስፌትዎን ጋሽ ወልደ ሚካኤል ገና ከሩቅ አወቁት። «ይሄን ለመፍታት ሌላ ቁልፍ ያስፈልጋል» ብለው በምላጭ ከፈቱት።

ግን ጋሼ፣ አልከፈተም። በእርጋታ፣ አንድ በአንድ እየነኩ አስገቡት፤ እንቢ አለ። ደገሙት። እትዬ ወርቅአፈራሁ «የኔን ተሳስቼ ይሆናል» ብለው የራሳቸውን እንደ አዲስ አስገቡ። በሦስተኛው ማሽኑ ጭራሽ ተቆጥቶ «ለጊዜው ተዘግቷል» አለን። ሁላችንም ተያየን። ጋሽ ወልደ ሚካኤል «እንድሪስ እየቀለደብን ነው» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ተቋረጠ።

ስለ ደንቡ ለጠየቁኝ፣ ሰፈር የለቀቀ ሰው ስሙ ይነሳል ይላል። ግን ማን ስለ እርስዎ አወራ? እትዬ ሩቂያ ጋ እናቴና እኔ ሄደን ነበር፤ ሳሩ ታጭዷል፣ ያጨደውን ሰው አላወቅንም። ከጎናቸው ያለው ቦታም እንዳለ ነው።

የሐዋ እናት ከወተት ሌላ አይወርድላቸውም። ይሄን የምነግርዎ ላስጨንቅዎ ብዬ አይደለም። ግን እንደ ልጅ ልጠይቅዎትና ይመልሱልኝ፤ የላኩልን ቃል በእርግጥ እሱ ነው?

ልጅዎ ትንሳኤ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትንሳኤ፣

አይደለም። ረስቼዋለሁ።

ይኸው ተጻፈ፤ መጻፉ እንደፈራሁት አልከበደም። የላክሁልሽ ግምት ነበር። ወላሂ ላታልላችሁ ብዬ አይደለም፣ ይሆናል ብዬ ነው። እዚህ ስመጣ በየወሩ የምነካው ነገር ቀረ፤ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጬ ልለው ብል የለም። ስራመድ ይመጣል አልኩ፤ ተራመድኩ። ሰላት ላይ እንኳ ትዝ እንዳይለኝ እየፈራሁ ነበር፤ ይግረምሽና እዚያም አልመጣም። ሱዓድም አታውቅም። ብነግራት አእምሮዬም እንደ ደረቴ ሐኪም ቤት ይሄዳል።

ለምን ደበቁ ትዪኛለሽ። ቅሬው ውስጥ የቀረኝ ያቺ ቁልፍ ናት፣ ልጄ። ቤቴን አከራይቻለሁ፣ ስብሰባ አልመጣም፣ ሰው ሲሞት አልወጣም። «ቁልፉን ረሳው» ከተባለ ሌላ ሰው ይተካል፤ ከተተካሁ ደግሞ ለቆ የሄደ ሰው ነኝ፤ ስሜ ይነሳል። ያኔ ቀኔ ሲደርስ ማነው ሐረጎን አውጥቶ ሩቂያ ጎን የሚያሳርፈኝ? የፈሪድ ቅሬ እዚሁ ያሳርፈኛል፤ በክብር ያሳርፈኛል፣ አውቃለሁ። ግን እሷ እዚያ ብቻዋን ናት። ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሞትን ሳይሆን የሚያሳርፉኝን ቦታ ፈራሁ።

የሐዋን እናት እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እኔ ቦታዬን ስጠብቅ እሷ ቦታ አጣች። የምታደርጊውን አንቺ እወቂ።

እንድሪስ


ደሴ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ እንድሪስ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ እናቴ እንዳታየኝ ፊቴን ታጠብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አብሽሩ፤ የይለፍ ቃል የሚረሳው እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ያ «ረስተዋል?» የሚለው ነገር ማሽኑ ላይ ባልተጻፈ ነበር። እኔም የራሴን በየጊዜው ነው የምረሳው።

አሁን ደግሞ የኔን ይስሙ። ኮምፒውተሩን እኔ መክፈት እችላለሁ።

ፕሮግራሙ የሰውን ስምና ቁልፍ የሚያኖርበት ጓዳ አለው። ማሽኑ ፊት የተቀመጠና ሥራውን የሚያውቅ ሰው በፊት በር ሳይሆን በዚያ ገብቶ የድሮውን ቁልፍ በአዲስ መተካት ይችላል። የድሮውን ማንበብ ግን አልችልም፤ ማሽኑ ቁልፉን እንደ እህል ፈጭቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ዱቄት አይቶ ደግሞ እህሉን የሚመልስ የለም። የሦስታችሁም ይጠፋና እንደ አዲስ ይሰጣል።

ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። እናንተ ሦስት ሆናችሁ ካልተሰበሰባችሁ አይከፈትም ብላችሁ ኮርታችሁበት ነበር። በየወሩ ስትመጡ፣ ተራ ስትጠብቁ፣ ስትቀላለዱ አያለሁ። «እኔ ብቻዬን እከፍተዋለሁ» ብል ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር እንዴ ብላችሁ የምታዝኑብኝ መሰለኝ፤ በኔም ላይ ላላችሁ እምነት ሰጋሁ። የጠየቀኝ ሰው ባለመኖሩ ዝም ብዬ ኖርኩ።

የሐዋን እናት ዓርብ ሐኪም ቤት ወስደን መለስናቸው። ሐኪሞቹ «ቤታቸው ይሁኑ» ብለዋል። 

ብከፍተው ሦስተኛውን ድርሻ ሌላ ሰው ይያዘው የሚል እንደሚነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ ያለ እርስዎ ፈቃድ እጄን አላነሳም። ምን ላድርግ?

ትንሳኤ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደሳለው ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ አላስረዝምም።

ክፈቺው። የሐዋ እናት ይቅደሙ። የባለፈውን ደብዳቤዬን ለሁሉም አንብቢላቸው፤ እኔ ፊታቸው ቆሜ ልለው ስለማልችል አንቺ በዪልኝ። በሦስተኛው ቦታ ጎረቤታችንን ጋሹን አስቡት፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ገና ጥርሱም ሙሉ ነው።

አፉ በሉኝ።

እንድሪስ


ደሴ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ እንድሪስ፣

እንኳን ደስ ያለዎት። ሐዋና እናቷ ትናንት እሁድ የቅሬያችን አባል ሆነዋል።

እንደፈቀዱልኝ ደብዳቤዎን አነበብኩ።  እትዬ ወርቅአፈራሁ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ወዲያው ተቆጡ፤ «እኔ እኮ ልጆቼን በስማቸው መጥራት ካቃተኝ ቆይቷል፤ አንዱን ስፈልግ ሁሉንም ነው የምጠራው! ለዚህ ነው እንዴ ሰውዬው እንቅልፍ ያጣው?» አሉ። እኔም የራሴን ተናገርኩ፤ ብቻዬን መክፈት እንደምችል።  ጋሽ ወልደ ሚካኤል ግን ምንም አልመሰላቸውም። «የድሮውን ሳጥን የሠራው አናጢስ መክፈት አይችልም ነበር? እኛ ቁልፍ የያዝነው አናጢውን ፈርተን ነው እንዴ? ተሰብስበን ቡና እንድንጠጣ ነው እንጂ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ወጥቼ ትንሽ አየር ወስጄ ተመለስኩ፤ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉም እያዩ ሠራሁት። ጥቁሩ ገጽ ሲመጣ እትዬ ወርቅአፈራሁ «ተበላሸ!» ብለው አማተቡ። ሲከፈት ደግሞ እልል አሉ። ሐዋ ስሟን ስክሪኑ ላይ ስታይ «የእናቴስ?» አለች። የእናቷንም አሳየኋት። ሮጣ ወደ ቤት ሄደች። ማታ ሳያቸው እናትየው ትራስ ተደግፈው ሾርባ ፉት ይሉ ነበር፤ «ሰው አገኘሽልኝ አሉ» ብለው እጄን ሳሙኝ።

አሁን ወደ እርስዎ። ስለ ጋሹ የጻፉትን ሳነብላቸው ጋሹ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሰውየው ሳይሞት ወንበሩ ላይ ልቀመጥ? እኔ የለሁበትም» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ሰው ብቻ ደንቡን አነሳ፤ ሰፈር የለቀቀ ሰው ስሙ ይነሳል ይላል አለ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል «እንድሪስ መቼ ለቀቀ? ለሳል ወረደ እንጂ!» ብለው ጮሁ። ከዚያ በኋላ ቦታው የእርስዎ ሆኖ ይቆይ ተብሎ እጅ ሲወጣ ያ ሰውዬም ራሱ እጁን አወጣ።

ስለዚህ ለጊዜው ባወጣሁት ቁልፍ ነው ያለነው። ሁለቱ የራሳቸውን አዲስ ድርሻ አናስገባም ብለዋል፤ እርስዎ ካልመጡ አይጀመርም። ሱዓድን አናግሬ አሳምኛታለሁ። ቅዳሜ ደሳለው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከፊት ወንበር ያስቀምጥዎታል፣ ብርዱ ሳይመለስ ያወርድዎታል። ከፈለጉ እትዬ ሩቂያ ጋም ይደርሳሉ። ካፖርትና ሻርፕ የግድ ነው፤ ይሄ የልጅዎ ትእዛዝ ነው።

እትዬ ሩቂያ ጎን ስላለው ቦታ ግን ማንም ምንም አላለም። ልጠይቅ ብዬ አፌን ስከፍት እትዬ ወርቅአፈራሁ «ይሄም ይጠየቃል?» አሉኝ።

ልጅዎ ትንሳኤ


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለትንሳኤ፣

በሰላም ገባሁ። ሱዓድ በሩ ላይ ይዛኝ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ አዳመጠች፤ የምትይዝብኝ ነገር አላገኘችም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ፤ ከድካም ሳይሆን ከጥጋብ። እናትሽ የጾም ነው ብለው ያቀረቡልኝ ምግብ ይሄ ከሆነ የፍስኩን አላህ ያሳየኝ። ሩቂያን አይቻታለሁ፣ ሳሩን የሚያጭደውም ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ፤ ጉልበቱን ታሞ ምን ጎንበስ እንደሚያሰኘው ግን አላህ ይወቅ።

አንድ ነገር ግን በሰው ፊት ልነግርሽ ስላልቻልኩ ልጻፍልሽ።

ወልደ ሚካኤልና ወርቅአፈራሁ የየራሳቸውን አስገብተው ተራዬ ሲደርስ «ፊታችሁን አዙሩ» አልሻቸው፤ ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንቺም ወጣሽ። አስገባሁ። ማሽኑ ለማረጋገጫ ሁለት ጊዜ እንደሚጠይቅ ነግረሽኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ሁለተኛውን ስጽፍ «አይመሳሰልም» አለኝ። አጥፍቼ ጀመርኩ። እንደገና እንቢ። ጣቴ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ይነካል። አሁን ይሉኛል፣ አሁን «በቃ ተወው እንድሪስ» ይሉኛል ብዬ ቀና አልኩ።

ማንም ምንም አላለም። ወልደ ሚካኤል በዚያ ጉልበቱ አንዴ በቀኙ አንዴ በግራው እየቆመ ልስኑን ያያል። ወርቅአፈራሁ፣ ያቺ ሰው አረፈደ ብላ የምትቆጣው፣ ትከሻው ላይ ተደግፋ ቆማለች። እኔ እስክጨርስ ቢመሽም ሊዞሩ አይደለም። ይሄን ሳይ ጣቴ ረጋ። አንድ በአንድ ጻፍኩት፤ ማሽኑም ተቀበለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ከጨረስኩ በኋላ ወዲያው «ዙሩ» አላልኳቸውም። ትንሽ ተቀመጥኩ። ጀርባቸውን አየሁ። ቀኔ ሲደርስ እነዚህ ሰዎች ሐረጎን ወርደው ሊወስዱኝ ይመጣሉ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ነው የጠራኋቸው።

አባትሽ እንድሪስ